ዋልያ ተከዜን ለምን አልተሻገረም? ቀይ ቀበሮስ በሽሎን እንዴት አለፈ?

የደላንታ መምህር (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ወገኖች። ወገል ጤና ከተማ ውስጥ የስነ ሕይወት መምህር ነኝ። በቅርቡ ስለ አገራችን ብርቅዬ የዱር እንስሳት ሳስተምር አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ አንድ ጥያቄ አቀረበችልኝ፤ በቂ መልስ ሳልሰጣት ደወል ተደወለ፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። «ዋልያ ብርድና ገደል የሚወድ እንስሳ ከሆነ፣ አቡነ ዮሴፍም ከ4200 ሜትር በላይ የሚደርስ ገደላማ ተራራ ከሆነ፣ ዋልያ ስሜን ተራሮች ላይ ብቻ ተወስኖ ላስታ ላይ የታጣው ለምንድን ነው?» ነበር ያለችው።

የመማሪያ መጽሐፉ እያንዳንዱ ዝርያ የሚስማማው አየርና ምግብ ባለበት ቦታ እንደሚኖር ይናገራል። ይህ እውነት ቢሆንም የልጅቷን ጥያቄ አይመልስም፤ የሚስማማ ቦታ ያለ ነዋሪ ባዶውን የሚገኝበትን ምክንያት አያስረዳምና። ነገሩን ይበልጥ ያወሳሰበብኝ ደግሞ ቀይ ቀበሮ በስሜንም፣ በላስታም፣ በቦረና ሳይንትም፣ በመንዝም፣ ከስምጥ ሸለቆው ማዶ በአርሲና በባሌም መገኘቱ ነው። ደጋ አጋዘን በበኩሉ በባሌ፣ በአርሲና በጨርጨር ወገን ሲኖር ከስምጥ ሸለቆው ወዲህ ግን የለም። ሦስቱም የብርድ አገር እንስሳት ሆነው ሳለ የሦስቱም ስርጭት የተለያየ ነው።

ከደላንታ ሜዳ ጫፍ ቆሜ የበሽሎን ሸለቆ ቁልቁል ስመለከት ከማዶ ያለው አምባ በእጅ የሚዳሰስ ይመስለኛል፤ ሰውም ወርዶና ወጥቶ ይደርስበታል። ታዲያ አንድ ሸለቆ ለአንዱ እንስሳ አጥር፣ ለሌላው ደግሞ መንገድ የሚሆነው በምን ምክንያት ነው? ለተማሪዎቼ በአካባቢያቸው ከሚያውቁት ነገር ተነሥቼ ላስረዳቸው እፈልጋለሁና፣ እውቀቱ ያላችሁ እንድታግዙኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የላስታ ልጅ

መምህር፣ ተማሪዎን ስለ ጥያቄዋ አመስግኑልኝ። በአቡነ ዮሴፍ አካባቢ እንግዳ እየመራሁ ለብዙ ዓመታት ስመላለስ ጎብኚዎችም ይህንኑ ደጋግመው ጠይቀውኛል፤ መልሱን ፍለጋም ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ።

በእኔ አስተያየት መጀመሪያ ርቀትን በኪሎ ሜትር መለካት መተው ያስፈልጋል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር በየ1000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ይቀንሳል፤ ሲወረድም በዚያው ልክ ይጨምራል። ከደላንታ ሜዳ ተነሥቶ እስከ በሽሎ ውሃ የሚዘልቅ ሰው ከ1000 ሜትር በላይ ስለሚወርድ፣ ጠዋት ገብስ ከሚዘራበት ደጋ ተነሥቶ በዚያው ቀን ማሽላ ከሚበቅልበት ቆላ ይገባል። ሰው ጋቢውን አውልቆ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መንገዱን ይቀጥላል። ቀይ ቀበሮ ግን እንዲህ ማድረግ አይችልም፤ ከሙቀቱም በላይ የሚበላውን ያጣል። ምግቡ በውርጭ አገር በጓሳና በአጫጭር ሣር መካከል የሚኖሩ አይጦችና ፍልፈሎች ናቸውና፣ ግራር በበቀለበት የሸለቆ ወለል ላይ ኑሮ የለውም። ስለዚህ ለእርሱ የሚያስፈራው የበሽሎ ውሃ አይደለም፤ ሸለቆው በሙሉ እንደ ባሕር ነው፤ አምባዎቹም በዚያ ባሕር መካከል የቆሙ ደሴቶች ናቸው።

ደሴት ያልኩት ለንግግር ማሳመሪያ አይደለም። ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የአፍሪካ መሬት ግማሽ ያህሉ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ካለው ደግሞ አብዛኛው የሚገኘው በኢትዮጵያ ነው። ይህንን ከፍታ በዋናነት የሠራው ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት እየተደራረበ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ አለት ነው። ኋላ ስምጥ ሸለቆው ከሁለት ከፈለው፤ ዓባይ፣ በሽሎ፣ ተከዜና ጀማ ደግሞ በምዕራብ በኩል ያለውን ክፍል እየሸረሸሩ ቆራረጡት። ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. ከ1867 መጨረሻ እስከ 1868 መጀመሪያ ድረስ ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ስድስት ወር ያህል የፈጀባቸው በእነዚሁ ሸለቆዎች ምክንያት መሆኑን ለተማሪዎችዎ ቢነግሯቸው፣ የመሬቱ ቁርጥራጭነት ወዲያው ይገባቸዋል ብዬ አስባለሁ።

አሁን ወደ ዋልያ እንመለስ። የዋልያ ወገኖች በአብዛኛው የአውሮፓና የእስያ ተራሮች ነዋሪዎች ናቸው፤ የቅርብ ዘመዱ የሆነው የኑቢያ የዱር ፍየልም በሲና ምድረ በዳና በቀይ ባሕር ዳርቻ ባሉ ደረቅ ተራሮች ይኖራል። ከዚያ ወገን ሁሉ ወደ ደቡብ ዘልቆ የቀረው ዋልያ ነው። ስለዚህ ቅድመ አያቶቹ ከሰሜን አቅጣጫ መጥተው ስሜን ላይ እንደ ደረሱ እንረዳለን። ከስሜን ወደ ላስታ ቀጥታ ለሚመጣ ደግሞ ከፊቱ የሚገጥመው ተከዜ ነው። ተከዜ ከእኛው ከላስታ ተራሮች ተነሥቶ የስሜንን ግርጌ በምሥራቅና በሰሜን ይዞር ዘንድ የሚሄድ ወንዝ ሲሆን፣ ሸለቆው በአንዳንድ ቦታ 2000 ሜትር ያህል ይጠልቃል። ዋልያን ያገደው ይህ ነው። ደጋ አጋዘንንም እንዲሁ ስምጥ ሸለቆው በምሥራቅ ወገን አስቀርቶታል።

ከቦረና፣ መካነ ሰላም

የላስታው ወንድሜ ስለ ሙቀትና ስለ ከፍታ የጻፈውን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ስለ ተከዜ የሰጠው መደምደሚያ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል ብዬ ስለማምን ልጨምርበት። ተከዜ ዋልያን አግዶ ከሆነ ቀይ ቀበሮን ያላገደው ለምንድን ነው? እርሱም ቢሆን የሞቀ ሸለቆ አይሻገርም ብለናልና።

መልሱ ያለው በወንዞቹ ሳይሆን ወንዞቹን በሚለያዩት ጀርባዎች ላይ ይመስለኛል። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው በአንድ በኩል ወደ ተከዜ፣ በሌላው በኩል ወደ ዓባይ የሚወርድበት ጀርባ ከመቄት በጉና በኩል ወደ ወገራ፣ ከዚያም ወደ ስሜን ይዘልቃል። ሌላው ጀርባ ደግሞ ወደ አፋር የሚወርደውንና ወደ ዓባይ የሚወርደውን ውሃ እየለየ ከላስታ ጀምሮ በወሎ ምሥራቃዊ ጫፍ አድርጎ እስከ መንዝ ይወርዳል። በተፋሰስ መለያ ላይ የሚሄድ ፍጡር አንድም ወንዝ ሳይሻገር ከስሜን እስከ መንዝ መድረስ ይችላል፤ ይህ የመሬቱ አቀማመጥ ራሱ የሚያስገድደው እውነት ነው። በሽሎን በተመለከተ የመምህርን ጥያቄ የምመልሰውም በዚሁ መንገድ ነው፤ ቀይ ቀበሮ በሽሎን ሳይሻገር ዞሮ ነው የመጣው።

እርግጥ ያ ጀርባ ዛሬ በብዙ ቦታ እንደ ኮርቻ ጎድቦ ስለሚወርድ ለቀበሮ የሚበቃ ብርድ የለውም። ከ20,000 ዓመታት ገደማ በፊት ግን ዓለም እጅግ ቀዝቅዞ ነበር፤ በስሜንና በባሌ ጫፎች ላይ የበረዶ ግግር ነበረ፤ ዛሬ ከ3200 ሜትር በላይ የምናየው የጓሳ፣ የአስታና የጅብራ አገር ያን ጊዜ 1000 ሜትር ያህል ወደ ታች ወርዶ ነበር። የቀይ ቀበሮ ቅድመ አያቶች ከዩራሲያ የመጡት ከ100,000 ዓመታት ገደማ በፊት እንደ ሆነ ስለሚገመት፣ ብርዱ አምባዎቹን እርስ በርስ ባገናኘበት ዘመን ሰፊ ሜዳ አገኙ። ዘመኑ ሲሞቅ ሜዳው ወደ ላይ እየሸሸ ተቆራረጠ፤ እነርሱም በየአምባው ቀሩ። ዋልያ ግን ጠላቱን የሚያመልጠው ገደል ላይ በመውጣት ነው፤ ከገደል የራቀ ለጥ ያለ ደጋ ለእርሱ አደገኛ ነው። ስለዚህ ከስሜን በወገራ በኩል ወደ ጉና የሚወስደው ለጥ ያለ መሬት ለቀበሮው መልካም መንገድ ሲሆን ለዋልያ ከተከዜ ያላነሰ መሰናክል ሊሆንበት ይችላል። ግሸን አምባ ላይ የነገሥታት ልጆች በሚጠበቁበት ዘመን አጥሩ ገደሉ ነበር፤ ለዋልያ ግን አጥር የሚሆንበት የገደል አለመኖር ነው።

ጭላዳን ብንመለከት ደግሞ ሦስተኛ ታሪክ እናገኛለን። እኛ ዘንድ በደንቆሮ ጫካ ዙሪያ መሽቶ ሲጨልም ጭላዳዎች ከሣሩ ሜዳ ተነሥተው ገደሉን ይወርዱና በገደሉ ግንብ ላይ ያድራሉ፤ ለእነርሱ ገደል መኝታ ቤት ነው። ከስምጥ ሸለቆው ማዶም በአርሲ በኩል በዋቢ ሸበሌ ገባር ወንዞች ገደሎች ላይ ይገኛሉ። ይልቁንም እኔን በጣም የሚያስገርመኝ ጭላዳ በመነሻው የደጋ ፍጡር አለመሆኑ ነው። የእርሱ ወገን የሆኑ ዝንጀሮዎች አጥንት በደቡብ አፍሪካ፣ በስፔን፣ በሕንድም ተገኝቷል። ሉሲ እ.ኤ.አ. በ1974 በተገኘችበት፣ በቀድሞው አከፋፈል በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው ሐዳርም የእርሱ ወገን ቅሪተ አካል አለ። ሐዳር ዛሬ የሚያቃጥል ቆላ ነው። ያ ሁሉ ወገን ጠፍቶ የቀረው የእኛ ጭላዳ ብቻ ነው፤ ለመጥፋታቸውም ምሁራን የአየር ንብረት ለውጥን፣ ከሌሎች ሣር በል እንስሳት ጋር የተደረገን ፉክክርና የሰውን አደን በምክንያትነት ያነሣሉ። ስለዚህ መምህር፣ ለተማሪዎችዎ ሲነግሩ አንድ እንስሳ ዛሬ የሚገኝበት ቦታ የተፈጠረበት ቦታ ላይሆን እንደሚችል አይዝለሉባቸው፤ ጭላዳ ደጋ ላይ የተረፈ ነው።

መለያየት ሲረዝም ምን እንደሚያስከትልም በጭላዳ ላይ ይታያል። በስሜን ያሉት ጭላዳዎች 44 ክሮሞሶም ሲኖራቸው በመካከለኛው ደጋ ያሉት ያላቸው 42 ነው። በመልክ ብዙም የማይለያዩ እንስሳት በውስጣቸው ይህን ያህል መራራቃቸው፣ ወደ ሁለት ዝርያ የሚያደርሰውን መንገድ መጀመራቸውን ያመለክታል።

ሐይቅ ዳር

በወሎ ሐይቅ ከተማ የምኖር ዓሣ አስጋሪ ነኝ፤ ስለ ተራራ የማውቀው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ እህታችን ስለ ብርድ ዘመን የጻፈችውን ሳነብ የእኛው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ትዝ አለኝ። ገዳሙ ጥንት በውሃ የተከበበ ደሴት ላይ ነበር፤ ውሃው ሲጎድል ከየብስ ጋር ተያይዞ ዛሬ በእግር ይገባበታል። በተራሮቹ ላይ የሚሆነውም እንደዚሁ ይመስለኛል፤ ሙቀቱ ሲጎድል አምባዎቹ ይያያዛሉ፤ ሲሞላ ይለያያሉ።

ስለ ዓሣ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። የሐይቅ ውሃ ወደ ሌላ ወንዝ አይፈስስም፤ ከአርዲቦ የሚመጣውን ተቀብሎ እዚያው ይቀራል። ዛሬ ዋና ገቢያችን የሆነው ቆሮሶ በራሱ መንገድ አልመጣም፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ሰው አምጥቶ የጨመረው ነው። ወዲያው መራባቱ ውሃው ከመጀመሪያውም ይስማማው እንደ ነበረ ያሳያል፤ የጎደለው መምጫ መንገድ ብቻ ነበር። የመምህር ተማሪ ለጠየቀችው ከዚህ የቀረበ ምሳሌ ያለ አይመስለኝም። በጣና ደግሞ የተገላቢጦሹ ሆነ፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስላገደ ከላይ የቀረው የነጭ ዓሣ ወገን እዚያው ተባዝቶና ተለያይቶ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ 15 ያህል ዝርያዎች ሆነ።

የደላንታ መምህር

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የቆሮሶውን ምሳሌ ዛሬ ጠዋት ለክፍሉ ነግሬያቸዋለሁ፤ ጥያቄዋን የጠየቀችው ልጅም «እንግዲያው ዋልያ ቢወሰድ ላስታ ላይ ይኖር ነበር ማለት ነው?» ብላ ሌላ ጥያቄ ጨመረችልኝ።

ውይይቱን ሳነብ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። እህታችን የጠቀሰችው የተፋሰስ ጀርባ ዛሬ የገብስ ማሳ ነው። በልጅነቴ ከብት ብቻ የሚውልባቸው የነበሩ ከፍታዎች አሁን እየታረሱ ነው፤ በበልግ ዝናብ የሚዘራው ገብስ በየዓመቱ ወደ ላይ ይወጣል። ገበሬውን አልወቅሰውም፤ ከታች ያለው መሬት ለልጆቹ አልበቃውም። ነገር ግን ይህ ማሳ ለቀይ ቀበሮ አዲስ ሸለቆ ሆኖበት ይሆን?

ከደሴ

መምህር፣ የዱር እንስሳት ሥነ ምህዳርን ያጠናሁ ስለሆንኩ የመጨረሻውን ጥያቄዎን ልመልስ። አዎን፣ ሆኖበታል። ቀይ ቀበሮ በቀደመው ዘመን እስከ 2500 ሜትር ድረስ ዝቅ ብሎ ይታይ ነበር፤ ዛሬ ግን በአብዛኛው ከ3000 ሜትር በላይ ተገፍቷል። ይህ ልዩነት በቁጥር ትንሽ ይምሰል እንጂ ተራራ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ ነውና፣ ከግርጌው 500 ሜትር ሲነሣበት የሚጠፋው የቦታ ስፋት ብዙ እጥፍ ነው። በጠቅላላው የቀሩት ጎልማሳ ቀበሮዎች 500 ያህል ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ናቸው። ስለዚህ በላስታና በቦረና ሳይንት የሚኖሩት በየአምባቸው በጣት የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ናቸው።

የትንሽ ደሴት ነዋሪ መሆን አደጋው እዚህ ላይ ነው። በባሌ እ.ኤ.አ. በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ገብቶ አብዛኞቹን ቀበሮዎች ፈጅቷል፤ ሆኖም በአጠገቡ ሌሎች ብዙ ቀበሮዎች ስለነበሩ ቦታው እንደገና ሞላ። ያው በሽታ ከውሻ ተላልፎ አንድ የወሎ አምባ ላይ ቢገባ ግን የሞቱትን የሚተካ ከየትም አይመጣም። በጎጃም ጮቄ፣ በሰሜን ሸዋ ጎሽ ሜዳና በጉና ላይ የነበሩት ቀበሮዎች ጠፍተው ቀርተዋል። የጉናዎቹ መጥፋት በተለይ ያሳዝነኛል፤ እህታችን እንዳለችው ከላስታ ወደ ስሜን የሚወስደው ጀርባ መካከለኛ ማረፊያ ጉና ነበረና።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ሸለቆን ሁሉ አጥር ብቻ አድርገን እንዳንመለከት። ለቆላ ፍጥረት በሽሎ፣ ጀማና ዓባይ መንገዶች ናቸው፤ አጥር የሚሆንበት ደጋው ነው። የሃርዉድ ቆቅ የምትባለው ወፍ የምትኖረው በጀማና በዓባይ ሸለቆዎች ብቻ ነው፤ ለእርሷ ደላንታ ሜዳ ላይ መውጣት ለቀይ ቀበሮ በሽሎ እንደ መውረድ ነው። እንዲያውም ገደልም ወንዝም ሳይኖር አጥር ሊኖር ይችላል። በቦረና ኦሮሚያ፣ በያቤሎ አካባቢ የሚኖረው የቁጥቋጦ ቁራ ክንፍ እያለው፣ ዙሪያው ሁሉ ተመሳሳይ ግራር ሆኖ ሳለ፣ ከዚያች ጠባብ አካባቢ አይወጣም፤ ወሰኑን የሚያሰምርለት ሙቀቱ ሆኖ ተገኝቷል።

ተማሪዎ ዋልያ ቢወሰድ ላስታ ላይ ይኖር ነበር ወይ ላለችው፣ ብርዱና ገደሉ ይስማማው ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ሣሩን ግን ዛሬ በጎችና ፍየሎች ይዘውታል፣ ዋልያም ከቤት ፍየል ጋር ሊዳቀል ይችላል።

በክፍል ውስጥ ለመሥራት ከፈለጉ የከፍታ መስመር ያለበት የወሎ ካርታ ያግኙና ተማሪዎቹ መጀመሪያ የ3200 ሜትሩን መስመር፣ ቀጥሎ የ2200 ሜትሩን በተለያየ ቀለም እንዲያደምቁ ያድርጉ። የመጀመሪያው ቀለም ዛሬ የተለያዩትን አምባዎች፣ ሁለተኛው በብርዱ ዘመን የተያያዙትን ያሳያቸዋል። ከዚያ በሁለቱ ቀለሞች መካከል ጀርባው የሚጎድብባቸውን ቦታዎች ስም ይጻፉና፣ እዚያ የሚኖሩ አዛውንቶች በወጣትነታቸው ቀይ ቀበሮ ሲያልፍ አይተው እንደ ሆነ ይጠይቋቸው። የጻፉትን ቢልኩልኝ ከእኔ የመስክ ማስታወሻ ጋር አስተያይቼ እመልስልዎታለሁ።